መድኃኒቱም አብሮ ይፈታ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዘመን መለወጫና በየበዓሉ ዋዜማ በይቅርታ የተፈቱ ታራሚዎች ዜና በጋዜጣችሁ ይወጣል። ቁጥራቸው ይጻፋል፣ በር ላይ በእልልታ የተቀበሏቸው ቤተሰቦች ፎቶግራፍ ይታተማል። ከሚፈቱት መካከል የቲቢ መድኃኒት ጀምረው ያልጨረሱት ስንት እንደሆኑ፣ የቀረውንስ የት ሄደው እንደሚውጡ ግን ተጽፎ አላነበብንም። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ስለዚህች አንዲት ቀዳዳ ነው፤ ወደ እሷ ለመድረስ ግን ከመግቢያው በር መነሳት ሊኖርብን ነው።

ቲቢ በማረሚያ ቤት ውስጥ ከውጭው እንደሚበዛ በአገራችን በጥናት የታየ ጉዳይ ነው። በ2003 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የቲቢ ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ 100,000 ሰዎች አክታቸው በማይክሮስኮፕ ታይቶ ባክቴሪያው የተገኘባቸው 108 ገደማ ነበሩ። በዚያው ሰሞን በጎንደርና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ማረሚያ ቤቶች የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ከ100 ታራሚ ከአንድ በላይ ታማሚ አግኝተዋል። ዘዴያቸው አንድ ስላልሆነ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ በትክክል ማካፈል አይቻልም፤ ቢሆንም ልዩነቱ የአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ነው።

«በሽታው እዚያ ካለ እኛን ምን አገባን» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እዚያ የሚገባው ሰው እኮ አብዛኛው ተመልሶ ይወጣል። በጊዜ ቀጠሮ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በዋስ የሚለቀቀው፣ ችሎት ለመቅረብ በአንድ መኪና ታጭቆ የሚመላለሰው፣ ፈረቃውን ጨርሶ ወደ ልጆቹ የሚገባው የጥበቃ አባል፣ ነርሷ፣ መምህሩ፣ ከእናቱ ጋር እዚያው የሚያድገው ሕፃን ሁሉ መንገደኞች ናቸው። በብራዚሏ ዶራዶስ ከተማ የታማሚዎች ባክቴሪያ ዘረመል ሲነጻጸር፣ ከግማሽ በላዩ በእስር ቤቶቹ ውስጥ ከሚዞረው ዝርያ ጋር የተዛመደ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከእነዚህ ታማሚዎች ውስጥ ታስረው የማያውቁም ነበሩ።

አስቀድመን አንድ ፍርሃት እናንሳ። ቲቢ በሳህን፣ በብርጭቆ፣ በብርድ ልብስ ወይም በእጅ ሰላምታ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በአየር ነው። ታማሚው ሲያስል፣ ሲያወራ፣ ሲዘምር የሚወጣው ጠብታ ደርቆ ከ1 እስከ 5 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሚሆን ብናኝ ይሆናል፤ ይህ ብናኝ ወለል ላይ ሳያርፍ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ስለዚህ ስንቅ ይዞ የመጣ ጠያቂ ደጅ ላይ፣ ነፋስ በሚነፍስበት፣ ለሩብ ሰዓት ቢያወራ የሚያሰጋው ነገር እጅግ ትንሽ ነው። ቲቢ ተገኘ ተብሎ ጥየቃ ሲከለከል ታራሚው ከቤት የሚመጣለትን ምግብ ያጣል፣ ክብደቱ ይወርዳል፤ የተዳከመ አካል ደግሞ ለበሽታው የተመቸ ነው። ጥየቃውን መከልከል ሳይሆን ደጅ ማድረግ ነው የሚያዋጣው።

አደጋው ያለው ማታ ነው፤ ቆጠራ አልቆ በሩ ከተዘጋ በኋላ እስኪነጋ። 10 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። የሚይዘው አየር 180 ሜትር ኩብ ነው። 60 ሰው ቢያድርበት ለአንድ ሰው 3 ሜትር ኩብ ይደርሰዋል። ያን አየር 12 ሰዓት ሙሉ እየተቀባበሉ ይተነፍሱታል። አየሩ በሰዓት 12 ጊዜ የሚለወጥ ቢሆን፣ ሳሉ ካቆመ በኋላ ከብናኙ 99 ከመቶው በ23 ደቂቃ ውስጥ ይወጣል፤ በሰዓት 2 ጊዜ ብቻ ከተለወጠ 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ይፈጃል። መስኮቱ የተደፈነ ክፍል አየር ደግሞ በሰዓት አንድ ጊዜም ላይለወጥ ይችላል፤ ሳሉም ሌሊቱን ሙሉ አያቆምም።

ለምን ይደፈናል? «ብርድ» ነዋ። ታክሲ ውስጥ መስኮት ሲከፈት «ንፋስ ይመታናል፣ ዝጉት» የምንባባለው ሁላችንም ነን፤ ታራሚውም ያንኑ ልማድ ይዞ ነው የሚገባው። ሳል ሲጀምረው «ብርድ መታኝ» ይላል፤ ቀዳዳውንም በፌስታልና በካርቶን ይወትፈዋል። በሰው ራስ ትክክል ያለ መስኮት ሁልጊዜ ይወተፋል፤ የክፍሉ ካቦ ቢቆጣም ሌሊት ላይ ይወተፋል። ስለዚህ ክፍተቱ ከጣሪያው ሥር፣ ከፍ ብሎ፣ በሁለቱ ትይዩ ግድግዳዎች ላይ መውጣት አለበት፤ ያን ጊዜ አየሩ ከተኙት በላይ ያልፋል፣ ማንም አይደርስበትም። ለጤና ተቋማት የሚመከረው ክፍት ቦታ ከወለሉ ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ከላይ ለጠቀስነው 60 ሜትር ካሬ ክፍል 12 ሜትር ካሬ፣ በየግድግዳው 6 መሆኑ ነው። ያን ያህል ባይደረስ እንኳ ከሦስት ረድፍ ብሎኬት ላይ እየዘለሉ አንዳንድ አውጥቶ በሽቦ ወንፊት መሸፈን ከምንም ይሻላል። «መስኮት ክፈቱ» የሚል ማስታወቂያ ከመለጠፍ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ መስጠት ይሻላል።

አየሩ መንቀሳቀሱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሱቅ የሚሸጠው፣ በቀጭን ስንጥር ላይ የተለበጠው ዕጣን ይበቃል። ፍም ላይ የሚጨሰው የቤታችን ዕጣን ግን ለዚህ አይሆንም፤ ሙቀቱ ራሱ ጭሱን ወደ ላይ ስለሚገፋው ያሳስታል። ስንጥሩን ለኩሶ በክፍሉ መካከል፣ አንዴ መሬት በተኛ ሰው አፍንጫ ከፍታ፣ አንዴ በላይኛው ድርብ አልጋ ከፍታ ይዞ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ነው። ወደ አንድ ክፍተት እየተሳበ ከወጣ አየሩ ይሠራል። ተሰብስቦ ካንዣበበ ወይም ጥግ ላይ ከተጠራቀመ እዚያ ጥግ የሚያድረው ሰው ይታሰብበት። ፍተሻው በሩና መስኮቱ እንደ ሌሊቱ ሆነው መደረጉ ነው ቁም ነገሩ፤ ቀን በር ተከፍቶ ከተሠራ ሁሉም ክፍል ያልፋል። ጠረጴዛ ላይ የሚሽከረከር ቬንትሌተርም አየሩን ያማስለዋል እንጂ አይለውጠውም።

ወደ መግቢያው እንመለስ። የዓለም የጤና ድርጅት በማረሚያ ቤቶች የቲቢ ልየታ በመደበኛነት እንዲደረግ ይመክራል፤ ሲገቡ፣ በውስጥ ሳሉ በየጊዜው፣ ሲወጡም። በብዙ ቦታ የሚደረገው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እሱም «ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል አለብህ?» በሚል አንድ ጥያቄ፣ በተሰለፈ ሰው ፊት። አዲስ ገቢ ሰው እንዲህ ሲጠየቅ «የለብኝም» ነው የሚለው፤ እለያለሁ፣ መኝታ አጣለሁ ብሎ ይፈራል። ለብቻው፣ በጤና ባለሙያ፣ የማንኛውም ቀን ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስና ከዚህ በፊት የቲቢ መድኃኒት መውሰዱ ይጠየቅ። የመግቢያ ክብደቱም ይመዝገብ። ከገባ በኋላ ሁሉም ስለሚከሳ፣ መነሻው ካልታወቀ መክሳቱ ምልክት መሆኑ ይቀራል። ያም ሆኖ በየአገሩ በሚደረጉ ዳሰሳዎች ባክቴሪያው ከሚገኝባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የሚሰማቸውን ምልክት አይናገሩም፤ ተንቀሳቃሽ ራጅ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

አክታ ሲሰጥ የሚበላሸው ነገር ብዙ ነው። ታራሚው አፉን በውኃ ተጉመጥሙጦ፣ ሁለት ጊዜ በጥልቅ ተንፍሶ ይዞ፣ ከዚያ ከደረቱ አስሎ ማውጣት አለበት። ምራቅ ከሰጠ ላቦራቶሪው «የለም» ይላል፣ ሰውየውም ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ቦታው ደጅ ነው እንጂ ሽንት ቤት ወይም ክሊኒክ ውስጥ አይደለም፤ ባለሙያውም ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ራቅ ብሎ ቆሞ ይይ። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አገሮች እስር ቤቶች የተሻለ ምግብና አልጋ ለማግኘት የታመመ ሰው አክታ ይሸጥ እንደነበር የታወቀ ነው፤ ማየቱ ለዚህም ይረዳል። ስሙ በዕቃው አካል ላይ ይጻፋል፤ ክዳን ላይ ከተጻፈ ክዳኖቹ ሲቀያየሩ ሰዎቹም ይቀያየራሉ።

ጂን ኤክስፐርት የተባለው ማሽን ያለበት ላቦራቶሪ አክታውን በእጥፉ ፈሳሽ በጥብጦ፣ 15 ደቂቃ አቆይቶ፣ 2 ሚሊ ሊትሩን ካርትሪጅ ውስጥ ጨምሮ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ መልሱን ያወጣል፤ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም አብሮ ይናገራል። ታዲያ መልሱ ሳምንት የሚፈጀው ለምንድን ነው? አክታው ዓርብ ከሰዓት ስለሚሰበሰብ ነው። ፍሪጅ ሳይገባ እስከ ሰኞ ይቀመጣል፤ የናሙና አመላላሹ፣ በብዙ ቦታ ፖስታ ቤት፣ ሰኞ ሲመጣ የጥበቃ ፈቃድ ያጣል። መልሱ ሲመለስ ሰውየው ወደ ሌላ ዞን ወይም ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ተዛውሯል። አክታ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይሰብሰብ፤ መልሱም በወረቀት ብቻ ሳይሆን ለአንድ ኃላፊነት ለተሰጠው ሰው በስልክ ይነገር።

ታማሚው ሲገኝ ብርሃንና ነፋስ ባለው ክፍል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያህል ይለያል። መለያው የቅጣት ክፍል ከሆነ ግን ከዚያ በኋላ ማንም ሳሉን አይናገርም። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የተጠረጠረበትን ከሌሎች ታማሚዎች ጋር መደባለቅም ሌላ ስሕተት ነው። ጭምብሉ ለታማሚው ነው፤ ባለሙያውና ጠባቂው የሚያስፈልጋቸው ኤን 95 የሚባለው ፊት ላይ ግጥም የሚለው ነው። አብረውት የተቆለፈባቸው ሁሉ ይመረመራሉ፣ ጎን ለጎን የተኙት ብቻ አይደሉም።

ሕክምናው 6 ወር ነው። 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ 4 ወር ከእነሱ ሁለቱ ብቻ፣ ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ፤ ወሩ በ28 ቀን ሲቆጠር 56 እና 112፣ በጠቅላላው 168 ቀን። ከ40 እስከ 54 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 3 ፍሬ ይውጣል። ታራሚው የችሎት ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስለሚወጣ ክሊኒኩ ሳይከፈት ይሄዳል፣ ማታ ሲመለስ ተዘግቷል። የችሎት ዝርዝሩ ዋዜማውን ለክሊኒኩ ነርስ ከደረሰ የነገውን ፍሬ ለተረኛው መስጠት ይቻላል። በጾም ወቅት ጠዋት አልውጥም የሚል ደግሞ አይገሰጽ፤ ከጾሙ መፍቻ በኋላ ይሰጠው፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት እስከሆነ ድረስ።

አሁን የመውጫው በር። ፍርድ ቤት ጠዋት በነጻ ያሰናብታል። የመፈቻ ትዕዛዙ ከሰዓት ይደርሳል። ሰውየው ፍራሹን ለጓደኛው አውርሶ፣ ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ 11 ሰዓት ላይ ይወጣል። ክሊኒኩ በዚያ ሰዓት ተቆልፏል፤ ስሙ የተጻፈበት የመድኃኒት ሣጥን መደርደሪያው ላይ ይቀራል። በማግስቱ ነርሱ ስም ሲጠራ «ተፈቷል» ይባላል። መዝገቡ ላይ «ዝውውር» ተብሎ ይጻፋል፤ የተዛወረበት ጤና ጣቢያ ግን ስለ እሱ ሰምቶ አያውቅም። እሱም ሁለት ወር ከዋጠ በኋላ ሳሉ ቆሟል፣ ሰውነቱ ተመልሷል፣ በራሱ አሳብ ድኗል። ያቋረጠው በሽታ ከስድስት ወር በኋላ ሲመለስ ሪፋምፒሲንን ተላምዶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያስለው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ነው።

«ከክሊኒክ ሳያልፍ አይውጣ» የሚል መመሪያ ይህን አይፈታውም። የመፈቻ ትዕዛዝ የደረሰለትን ሰው ለመድኃኒት ተብሎ አንድ ሰዓትም ማቆየት አይቻልም፤ መብቱ ነው። መሄድ ያለበት መድኃኒቱ ነው፣ ወደ በሩ። ሕክምና በጀመረበት ዕለት ስሙ ሳይሆን መለያ ኮዱ የተጻፈበት የታሸገ ከረጢት ይዘጋጅለትና በተረኛ ኃላፊው ቢሮ ይቀመጥ። በውስጡ የ28 ቀን መድኃኒት ይኑር፤ በቀን 3 ለሚውጥ 84 ፍሬ ነው። ሁለት ወሩን ሲጨርስ የከረጢቱ መድኃኒት ወደ ሁለተኛው ዓይነት ይለወጥ፤ ይህ ከተረሳ በአምስተኛው ወር የሚፈታ ሰው የመጀመሪያውን ዓይነት ይዞ ይሄዳል። የማላለፊያ ወረቀቱም አስቀድሞ ይሞላ፤ የጀመረበት ቀን፣ ክብደቱ፣ የመጨረሻው የአክታ ውጤት፣ ቀጣዩ የአክታ ምርመራ መቼ እንደሆነ። ክፍት የሚቀረው የዋጠው ቀን ብዛት ብቻ ነው፤ እሱን ነርሱ በየሳምንቱ መሙላት ይችላል።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብሮ ለሚወስድ አንድ መስመር ይጨመር። የኤች አይ ቪው መድኃኒት ዶሉቴግራቪር በቀን አንዴ 50 ሚሊ ግራም የሚወሰደው፣ ከሪፋምፒሲን ጋር ሲሆን በየ12 ሰዓቱ 50 ይሆናል። ውጭ ያለው ክሊኒክ ይህን ካላየ የማታዋን ፍሬ ይተዋታል።

ወረቀቱን የሚያስጥለው ማኅተሙ ነው። የማረሚያ ቤት ማኅተም ያለበትን ወረቀት በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል፣ ጎረቤት በተሰለፈበት የሚያሳይ ጥቂት ነው። ማረሚያ ቤቱን የሚደግፈው የመንግሥት ጤና ጣቢያ በራሱ ማኅተም ቢሰጠው ምን ይጎድላል? አድራሻም ሲጠየቅ የተወለደበትን ወረዳ ይናገራል እንጂ የሚሄድበትን አይደለም፤ ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚያርፈው ከተማ ውስጥ ዘመድ ዘንድ ነው። «የመጀመሪያውን ሳምንት ማን ቤት ታድራለህ? ቅርቡ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ከቀበሌ ቁጥር ይልቅ ሰው ያስገኛል። ከተፈታ በሦስተኛው ቀን ይደወልለት፤ በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ካልደረሰ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትፈልገው። ሁለት ወር በተከታታይ ሲቀር «ጠፋ» ብሎ መመዝገብ ሪፖርት ነው፣ ፍለጋ አይደለም።

በድንገት የሚፈታው በነጻና በዋስ የሚወጣው ነው። ይቅርታ ግን ስም ዝርዝሩ አስቀድሞ ይታወቃል፤ አመክሮም ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛው የሚያልቅበት ቀን ከመጀመሪያው ፋይሉ ላይ አለ። ለእነዚህ ዝርዝሩን ከወር በፊት ለክሊኒኩ ማድረስ ምንም በጀት አይጠይቅም። ያልታመሙትም ሲወጡ አንድ ነገር ይነገራቸው፤ ባክቴሪያው ከገባባቸው በሽታ የሚሆንባቸው ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነውና፣ ሳል ቢጀምራቸው ለሐኪሙ ታስረው እንደነበር እንዲናገሩ። ቤት ውስጥ ታማሚ ከገባ ደግሞ ልጆቹ ይመርመሩ፤ በሽታው ካልያዛቸው መከላከያው መድኃኒት በጤና ጣቢያ ይሰጣቸዋል፣ በነጻ ነው።

ነገሩ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል፦ የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ በቁጥር 24 የቲቢ ሕክምና ሳይቋረጥ እንዲቀጥል በስሙ ጠርቶ ይጠይቃል። ደንቡ የተሰየመላቸው ኔልሰን ማንዴላ ራሳቸው በ1988 እ.ኤ.አ. ፖልስሙር እስር ቤት ሳሉ በቲቢ ታመው ነበር። በዚያው እስር ቤት ቲቢ የያዘው ሌላ እስረኛ ከሶ፣ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. መንግሥት ተጠያቂ ነው ሲል ወስኗል።

ለጋዜጠኞቻችሁ አንድ ጥያቄ እናቀብል። በሚቀጥለው የይቅርታ ዜና ስንት ሰው ተፈታ ከማለት ጋር፣ ባለፈው ዓመት ቲቢ ታመው «ዝውውር» ተብለው ከተመዘገቡት መካከል ጤና ጣቢያ የደረሱት ስንት ናቸው ብላችሁ ጠይቁልን። ሁለት መዝገቦችን አጠገብ ለአጠገብ ዘርግቶ ስም ማመሳሰል ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከቲቢ ክሊኒክና ከላቦራቶሪ ባለሙያዎች
ጎንደር